የቡጢኛውን ሥዕል ይዤ ወደ አሶሳ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ጥምቀት ባለፈ በአራተኛው ቀን ነው። ሁለት በቅሎዎች ነበሩኝ። አንዷን ተቀመጥኩባት፤ በሁለተኛዋ ላይ የተንቀሳቃሽ ሥዕል ማሳያ መኪናውን፣ መብራቱን፣ ጥቂት ክንድ ነጭ አቡጀዲና ሦስት ክብ የቆርቆሮ ሣጥኖች ጫንኩ። መንገዴ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቤኒሻንጉል ነው። የምሄደውም ለአንድ ሰው የራሱን መልክ ለማሳየት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የዐረብኛና የፈረንሳይኛ አስተርጓሚ ነኝ። ያን ጊዜ ሙሴ ፔትሮ ለሚባል ግሪካዊ ፎቶ አንሺ አድሬ እሠራ ነበር። ሙሴ ፔትሮ ካርቱም ውስጥ ሥራውን ትቶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ባልንጀራው አንድ ሣጥን ሙሉ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ገዝቷል። ከዚያ ውስጥ ሕዝቡ ደጋግሞ አሳዩን የሚለው የቡጢ ግጥሚያውን ነበር። በገመድ በታጠረ ሜዳ ላይ አንድ ረጅም ቀጭን ጥቁር ሰው ከአንድ ግዙፍ የእንግሊዝ ወታደር ጋር ይጋጠማል። ሁለቱም የቆዳ ጓንት አጥልቀዋል። ጥቁሩ ሰው ብዙ አይመታም። ይሸሻል፣ ጎንበስ ይላል፣ ትከሻውን ይሰብቃል። ወታደሩ አየር ሲመታ ቆይቶ ሲደክመው አንዲት ቡጢ ግራ ቅንድቡ ላይ ታርፍበትና እንደ ግንድ ይገነደሳል። ግጥሚያው በሦስት ጥቅል ነበር፤ በሦስቱም የቆርቆሮ ሣጥኖች ክዳን ላይ የተጻፈው “ካርቱም፣ በርታው” የሚል ብቻ ነው። የሰውየውን ስም የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኢድሪስ የሚባል የበርታ ተወላጅ፣ ከቤኒሻንጉል የመጣ የወርቅ ነጋዴ ከተመልካቹ ጋር ገብቶ አየ። ሰው ሁሉ ሲወጣ እሱ ቀረና መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። ዐረብኛ እንደምችል ነግሬው እንኳ በአማርኛ ማውራት ይመርጥ ነበር።

“ይሄ ሰውዬ የኛ አገር ነው” አለኝ። “አጠይብ ነው። እኔ እሱ ቤት ብዙ ቀን በላሁ።”

ከዚያ ቁጭ ብሎ አወራኝ። አጠይብ በልጅነቱ ወደ ሱዳን ተወስዶ ወታደር ሆኖ ያደገ ሰው ነው። ቡጢ የተማረው እዚያው የጦር ሰፈር ውስጥ ነው። ከካርቱም እስከ ድንበሩ ከተማ ፋዞግሊ ድረስ የማያውቀው አልነበረም፤ አቡ ሐጀር፣ የድንጋይ አባት፣ ይሉት ነበር። ዘፈንም ወጥቶለታል። ወደ አገሩ ከተመለሰ ስምንት ዓመት ሆኖታል። አሁን ግን የወንዝ ዳር ዝንብ የሚያመጣው የዓይን ሕመም ይዞታል፤ በጣም ካልቀረበው ሰው የሚለየው በድምፁ ነው። ከመጪው ክረምት በኋላ የሚያይ አይመስልም።

ኢድሪስ ይህን ነግሮኝ ሄደ። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ መኪናውን ባዞርኩ ቁጥር ዐሳቡ አልለቅ አለኝ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ሁሉ ያየውን መልክ ባለቤቱ ብቻ ሳያየው ዓይኑ ሊጠፋ ነው። ለሙሴ ፔትሮ ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ለአንድ ሰው ብለህ የወር መንገድ ልትሄድ ነው? አለኝ። በማግስቱ ጠርቶኝ፣ የወርቅ አጣቢዎችን ፎቶ አንሥቼ የምመለስለት ከሆነ እንድሄድ ፈቀደልኝ። ሣጥኖቹን ከእሳት ጋር እንዳላቀራርባቸው፣ ሥዕሉ እንደ ባሩድ የሚነድ መሆኑን ሦስት ጊዜ ነገረኝ።

እስከ ነቀምቴ

ኢድሪስ ጨውና ጨርቅ በጫኑ ዘጠኝ በቅሎዎች ወደ አገሩ ይመለስ ስለነበር አብሬው ሄድኩ። ሆለታን፣ ጌዶን አልፈን ባኮ ቆላ ውስጥ ስንገባ ሙቀቱ ልብስ ያስወልቅ ጀመር። ነቀምቴ የደረስነው በአሥራ አምስተኛው ቀን ነው። በመንገዱ ሁለት ዶሮ በአንድ አሞሌ ይገኛል፤ ወተቱን ደግሞ የቤት እመቤቶች ለመንገደኛ በነጻ ይሰጣሉ። ኢድሪስ ጥሩ የመንገድ ጓደኛ ነው። ሲሄድ ያንጎራጉራል፣ ሲቀመጥ ይጸልያል፣ ከእሱ በፊት ማንም ሲበላ አይከፋውም። ሣጥኖቹ ያሉበትን በቅሎ ከራሱ ጨው አብልጦ ይጠብቃት ነበር።

ከነቀምቴ በጊምቢና በነጆ አድርገን መንዲ ደረስን። መንዲ ላይ ደጋው ያልቃል። ከአፋፉ ላይ ቆመው ወደ ምዕራብ ሲያዩ አገሩ ዝቅ ብሎ፣ በቆላ ቀርከሃ፣ በሸመል ደን ተሸፍኖ፣ በጭጋግ ውስጥ ይጠፋል።

ዳቡስ

የካቲት ስለነበር የዳቡስ ወንዝ ጎድሏል፤ ቢሆንም ለበቅሎ እስከ ሆድ ይደርሳል። ከመሀል ስንደርስ የሣጥኖቹ በቅሎ በድንጋይ ተንሸራታ በጎኗ ወደቀች። ኢድሪስ ከነልብሱ ገብቶ ጭነቱን በሁለት እጁ ወደ ላይ ያዘልኝ፤ እኔ ጠፍሩን በካራ ቆረጥኩ። መኪናው ተረፈ። ሁለቱ ሣጥኖች ደረቅ ነበሩ። ሦስተኛው ውሃ ገባበት።

ሦስተኛውን ጥቅል አዲስ አበባ ውስጥ አናሳየውም ነበር። ድብድብ የለበትም። ኢድሪስም ካልጠቀመ ለምን ቀኑን እናጠፋለን አለኝ። የሰው አደራ ስለሆነ እሺ አላልኩም። ከወንዙ ማዶ፣ ከጥላው ሥር፣ ከሸመል ወደ ሸመል እንደ ገመድ ዘርግቼ አደረቅኩት። እንዳይጣበቅ እየዞርኩ ስዳስሰው ዋልኩ። በእያንዳንዷ ትንሽ ሥዕል ላይ ያው አንድ ሰው አለ፦ ጭንቅላቱ እስከ ግራ ቅንድቡ በፋሻ የታሰረ ነጭ ወታደር፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ በቆርቆሮ ኩባያ ውሃ ሲጠጣ። ሲመሽ ጠቅልዬ መለስኩት። ከዚያ በላይ አላሰብኩበትም።

ባምባሲ

ባምባሲ በገበያ ቀን ደረስን። ኦሮሞው “አካም” ይልሃል፣ በርታው “ሰላም አለይኩም” ይልሃል፤ የሁሉም መገበያያ ማር፣ ጥጥና ጨው ነው። ማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ በላን፤ ባሚያው እንደ ተልባ ይሳባል፣ ከለመዱት ግን ይጣፍጣል። ከገበያው ዳር ከቅል የተሠራ ረጅም ጥሩምባ የሚነፉ ሰዎች ነበሩ፤ በዜማቸው መሀል “አቡ ሐጀር” የሚል ስም ሰማሁ። ደስ ብሎኝ ኢድሪስን ምን እንደሚሉ ጠየቅሁት። ኢድሪስ ጎንበስ ብሎ የበቅሎውን ጭነት እያስተካከለ፣

“ፈረንጁን ጣለው ነው የሚሉት” አለኝ።

አሶሳ

አሶሳ የገባነው ከአዲስ አበባ በተነሣን በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ነው። ቤቶቹ ከሸመል ተሠርተው ሣር የለበሱ ናቸው። ኢድሪስ የምሠራበት ቦታ ከሣር ቤት ውጪ መሆን እንዳለበት ስለነገርኩት፣ ጭቃ ግድግዳና ጭቃ ጣሪያ ያለው የአንድ ሱዳናዊ ነጋዴ ጎተራ ለመነልኝ።

በማግሥቱ ወደ አጠይብ ቤት ሄድን። በጅረት አጠገብ፣ ከደጁ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ የሸመል ቅርጫት ይሠራል። ዓይኑ ወደ ሰማይ ነው፤ ጣቶቹ ግን አይሳሳቱም። ዕድሜው አርባ ቢሆን ነው። ከሥዕሉ ትከሻውን አወቅሁት። ድምፃችንን ሲሰማ ተነሣ፤ ቀና ሲል የበሩን ጉበን ይበልጥ ነበር። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ በቅሎው፣ ስለማያውቃቸው ዘመዶቼ ሁሉ ጠየቀኝ። እኔና እሱ የተነጋገርነው በዐረብኛ ነው። ሚስቱ ሐዋ ከወንዝ፣ የወርቅ ማጠቢያ ገበታዋን እንደ ያዘች መጣችና ቀይ የከርከዴ አበባ መጠጥ አቀረበችልን።

የመጣሁበትን ጉዳይ በደስታ ነገርኩት። ካርቱም የተጋጠመው ግጥሚያ በሥዕል መቀረፁን፣ ሥዕሉ እንደሚንቀሳቀስ፣ በቆርቆሮ ሣጥን ይዤው እንደመጣሁ። እየነገርኩት እጁ ከቅርጫቱ ላይ ቆመ። ስጨርስ ቅርጫቱን ወደ ጎን አድርጎ፣

“ልጄ፣ ደክመህ መጥተሃል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ያንን ግን አታሳየኝ” አለኝ። ተነሥቶ ወደ ቤቱ ገባ።

ኢድሪስን ባየው አንገቱን ደፍቷል። እኔ ምን እንዳጠፋሁ አላወቅሁም። አንድ ወር የተጓዝኩበት ነገር በአንዲት ቃል አበቃ።

የሐዋ ነገር

በሁለተኛው ቀን ሐዋ ብቻዋን ወደ ጎተራው መጣች። አማርኛ የለመደችው ከገበያ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም “እሱ” ነው የምትለው። ከደጃፉ ተቀምጣ በዝግታ ነገረችኝ። ዘፈኑ ፈረንጁን ጣለው አይልም፤ ገደለው ነው የሚለው። ኢድሪስ ወዳጁ መልኩን እንዲያይ ስለጓጓ፣ እውነቱን ቢነግረኝ እንዳልመጣ ፈርቶ ደብቆኛል። አጠይብ ያን ቀን ወታደሩ ሲወድቅና ሳይነቃነቅ ሲቀር አይቷል። ጥቁር ሰው የእንግሊዝ ወታደር ገድሎ በካርቱም እንደማይኖር ያውቃል። ጓንቱን በጥርሱ ፈትቶ፣ ገመዱን ዘሎ ሮጠ። ዓባይን ይዞ ወደ ላይ ሃያ ቀን ተጉዞ አገሩ ገባ። ከዚያ ወዲህ ቡጢ ጨብጦ አያውቅም። ዘፈኑ ከሚዘፈንበት ሰርግ አይሄድም።

“ሰው ሳያስብ ሲገድል፣ ሁለት ወር ጾም አለበት” አለችኝ። “እሱ ጾመ። ሼኩ በቃ አለው። እሱ ግን አልበቃኝም ይላል። በየዓመቱ ሁለት ወር። ስምንት ዓመት ጾመ።”

ይህን ስትል የዳቡስ ዳር ትዝ አለኝ። በግራ ቅንድብ ላይ የታሰረ ፋሻ። ውሃ የሚጠጣ ሰው። አልሞተ ይሆን? ነገር ግን ወዲያው ፈራሁ። በሥዕሉ ላይ ነጭ ወታደር ሁሉ ይመሳሰላል፤ ያ ሰው ሌላ ቢሆንስ? ያልሞተ ነው ብዬ ተስፋ ሰጥቼው ሳይሆን ቢቀር፣ ሰውየውን ሁለተኛ አቆስለዋለሁ። ስለዚህ ለሐዋ የማውቀውንም የማላውቀውንም አንድ ላይ ነገርኳት። እሷ ብዙ አሰበች። ከዚያ ገበታዋን አንሥታ፣ “እሱ ራሱ ይምረጥ” ብላ ሄደች።

ሦስተኛው ቀን

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አጠይብ እጁን በሐዋ ትከሻ ላይ አድርጎ መጣ። ሰላምታ ከሰጠን በኋላ ሦስተኛውን ጥቅል ብቻ አሳየኝ አለኝ።

ኢድሪስና እኔ በሩን በቁርበት ጋረድን፣ ሁለት እንስራ ውሃ ከመኪናው አጠገብ አስቀመጥን፣ አቡጀዲውን ግድግዳው ላይ ወጠርን። መብራቱ ውሃ ሲነካው ጋዝ በሚያወጣ ድንጋይ የሚነድ ነው፤ በመንገድ ብዙው ድንጋይ ስለረጠበ የቀረው ጥቂት ነበር። ሥዕሉ ደግሞ መብራቱ ፊት ከቆመ ይቃጠላል። መዞር አለበት። አንድ ዙር ደግሞ ከደቂቃ አያልፍም።

አጠይብ ከአቡጀዲው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመ። መኪናውን አዞርኩ። ወታደሩ ግድግዳው ላይ ወጣ፤ ግማሹ በአጠይብ ነጭ ጥምጥምና ትከሻ ላይ ተሥሎ ነበር። አጠይብ አንገቱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዘነበለ። ከዚያ ጥቅሉ አለቀ።

“ብርሃን አየሁ” አለ። “ነጭ ነገር ይንቀሳቀሳል። ሰው አላየሁም።”

ዘግይቼ መጥቻለሁ ማለት ነው። እሱ ግን ወደ ሐዋ ዞረና በበርታ ቋንቋ አንድ ነገር አላት፤ ኢድሪስ በጆሮዬ ተረጎመልኝ። የሰውየውን ግራ እጅ ብቻ ተመልከቺ፤ ጣቶቹን ቁጠሪ አላት። ለምን እንደሆነ አልነገራትም፤ ለእኛም አልነገረንም።

በሁለተኛው ዙር ሐዋ እንዲህ ያለ ነገር አይታ ስለማታውቅ ሰውየው ዓይኑን ሲያርገበግብ ደንግጣ እጁ አመለጣት። በሦስተኛው ኩባያው ጣቶቹን ሸፈነ፣ ጥቅሉም አለቀ። መብራቱ መደብዘዝ ጀመረ። የቀረችውን ድንጋይ ጨመርኩና በአራተኛው ዙር ቀስ አድርጌ አዞርኩ፤ ከዚያ በላይ ቀስ ብል ይነዳል። ወታደሩ ኩባያውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረ። ሐዋ ወደ አቡጀዲው ተጠግታ በጣቷ እየነካች ቆጠረች።

“አራት” አለች። “ትንሿ የለችም።”

አጠይብ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወደ ሐዋ ድምፅ ዞሮ፣

“አሁን ምን ያደርጋል?” አላት።

“ውሃ ይጠጣል።”

“ይጠጣ” አለ አጠይብ።

ኢድሪስ ይህችንም ተረጎመልኝ። አጠይብ የጥምጥሙን ጫፍ ፈትቶ ፊቱን ጠረገ። ኋላ እንደነገረኝ፣ ከግጥሚያው በፊት ጓንት ሲያስሩላቸው ወታደሩ የጎደለች ጣቱን አንሥቶ አሳይቶት፣ ሁለቱም ስቀዋል። በውጊያ የጠፋች ጣት ነበረች። ያንን ለሐዋም ቢሆን ነግሯት አያውቅም።

መብራቱ ትንሽ ትንፋሽ ቀርቶት ነበር። አጠይብ ወደ እኔ ዞሮ፣ “አሁን እኔን ለእሷ አሳያት” አለኝ። የመጀመሪያውን ጥቅል አዞርኩ። ሐዋ ባሏን ያገባችው ከተመለሰ በኋላ ነው፤ በወጣትነቱ አላየችውም። ረጅሙ ሰው ጎንበስ ቀና ሲል፣ ሲሸሽ፣ ትከሻውን ሲሰብቅ እጇን አፏ ላይ ጭና አየች። አጠይብ ግድግዳውን ሳይሆን እሷ ያለችበትን አቅጣጫ ይመለከት ነበር።

“ጥሩ ነበርኩ?” አላት።

“እግርህ ሸመል ይመስላል” አለችው። “ማን ያበላህ ነበር?”

አጠይብ ሳቀ። ኢድሪስ፣ ከተዋወቅን ጀምሮ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም አለኝ። ሥዕሉ ሳያልቅ መብራቱ ጠፋ።

መመለስ

አሶሳ አሥር ቀን ቆየሁ። ሐዋና ባልንጀሮቿ ወንዝ ዳር ወርቅ ሲያጥቡ ፎቶ አነሣሁ። ስሸኝ አጠይብ እስከ ጅረቱ መጣና እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ “ስሮጥ አንድ ጊዜ ዞር ብዬ ማየት ነበረብኝ። ፈርቼ ነው” አለኝ። እጁን ሳምኩት። ሐዋ ለሣጥኖቹ የሸመል ቅርጫትና አንድ ቅል ማር ሰጠችኝ።

አዲስ አበባ የገባሁት ከፋሲካ በኋላ ነው። ሙሴ ፔትሮ ፎቶዎቹን አይቶ ወደዳቸው፤ የቀረውን ስነግረው መነጽሩን አውልቆ ደጋግሞ ጠረገ። ባለቤቴ ደጅ ላይ ተቀብላኝ፣ ከስተሃል አለችኝ፣ ከዚያ እንዴት ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ አወራሁላት። እኔ የሄድኩት አንድ ሰው ኃያል የነበረበትን ቀን እንዲያይ ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ያንን ቀን ፈጽሞ አልፈለገውም። የፈለገው ከዚያ በኋላ ያለችውን አንዲት ደቂቃ ነው። ለሰው ምን ይዘህለት እንደምትሄድ ሳትደርስ አታውቅም፤ ስለዚህ ያለህን ሁሉ ጭነህ መሄድ ነው።

በዓመቱ ኢድሪስ ወርቅ ይዞ መጣ። የአጠይብ ዓይን ጨርሶ ጠፍቷል። ጾሙን ግን ትቷል፤ ረመዳንን ብቻ ይጾማል። ሰርግም ይሄዳል። ጥሩምባ ነፊዎቹ ዘፈኑን ጀምረው፣ አቡ ሐጀር በአንድ ቡጢ ገደለው ከሚለው ሲደርሱ፣ በበትሩ መሬቱን ይመታና ያስቆማቸዋል አለኝ።

“አልሞተም፤ ተነሥቶ ውሃ ጠጥቷል ይላቸዋል። አሁን እንደዚያ ነው የሚዘፍኑት።”